እፍ

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እሳት እፍ ስትል ኖራለች። ጎንበስ ትላለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ወደ ጉልቻው መሃል አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር። እርጥብ የባሕር ዛፍ ጭራሮ እንኳ እምቢ አይላትም ነበር። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቷ «እናቴ፣ በአፍንጫዎ ይሳቡ፤ ከዚያ ከንፈርዎን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው እፍ ይበሉ» ስትላት እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። አስተያየቷ «ይቺ ልጅ እፍ ማለት ልታስተምረኝ ነው?» የሚል ነበር። ድምፅ ብታወጣው ደስ ባለኝ። ያን ጊዜ ግን በአንድ ትንፋሽ ከሦስት ቃል በላይ አትናገርም፤ ሦስቱንም ትቆጥባቸው ነበር።

የበቆጂ ልጅ ነኝ። «በቆጂ» ስል የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እግሬን ያያል። አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በወንዶችም በሴቶችም የ5,000 እና የ10,000 ሜትር አራቱም ወርቆች እዚህችው ከተማ ነው የገቡት፤ ሁለቱ በቀነኒሳ በቀለ፣ ሁለቱ በጥሩነሽ ዲባባ። ከእነሱ በፊት ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ። እነዚህን ሁሉ በልጅነታቸው ሜዳ ላይ ያሯሯጣቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ የነበረው ስንታየሁ እሸቱ ነው። ዛሬም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት የወጣ ሰው ከባሕር ዛፉ መሃል ተሰልፈው የሚወጡ ልጆች ያያል። ከአፋቸው የሚወጣው ጉም ከእነሱ ቀድሞ ነው የሚታየው።

እኔ ሮጬ አላውቅም። ይሄን ለማለት እንኳ እዚያ ከተማ ድፍረት ይጠይቃል።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል በአንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ የምናስገባው ኦክሲጅን፣ ምፅዋ ወይም ጅቡቲ ባሕር ዳር ከተቀመጠ ሰው ከሩብ በላይ ያንሳል። ጤነኛ ሳንባ ላለው ልጅ ይሄ ስልጠና ነው። ሳንባው ለተቃጠለ ሰው ግን ዕዳ ነው። እማዬን ከአዲስ አበባ ወደ ቤት ስንመልሳት አዳማ ላይ ሙቀቱ ውስጥ ቆመን ሻይ ስንጠጣ «ደህና ነኝ» አለች። አሰላ ስንደርስ ዝም አለች። በቆጂ ስንገባ ጭንቅላቷን የመኪናው መስኮት ላይ አስደግፋ በአፏ ነበር የምትተነፍሰው። መንገዱ ዳገት መሆኑን የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት።

እሳቱ የተነሳው በጥር ነው፣ ሌሊት። ማታ እንጀራ ጋግራ ፍሙን በአመድ አዳፍናው ነበር፤ እናቷም አያቷም እንዲህ ነው የሚያሳድሩት። ጥር ላይ ሁሉም ነገር ደረቅ ነው። ንፋሱ በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ፍሙን ገለጠውና እግሩ ሥር የተቆለለው ጭራሮ ተያያዘ። የሣር ክዳኑ ከዚያ በኋላ ጊዜ አልወሰደም። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ለብቻው ስለነበር ሰው አልነበረበትም። ጥጃ ግን ነበረች። ከውርጩ እንድትጠለል ማድ ቤት ውስጥ ታስራ የምታድር፣ የሦስት ወር እንኳ ያልሞላት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፤ ቦራ ነው የምንላት።

እማዬ ለጥጃዋ ገባች። ገመዱ እምቢ አላት። ጎረቤቶች ውስጥ የቆየችው ሁለት ወይ ሦስት ደቂቃ ነው ይላሉ። ጥጃዋ አንድ ፀጉሯ ሳይጠቁር ወጣች ማለት ይቻላል፤ እማዬ ግራ እጇንና አንገቷ ላይ ትንሽ ተቃጠለች። ሁሉም «እግዜር አተረፋት፣ ትንሽ ነው» አለ። እኔም አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ስሰማ ትንሽ ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ይሄን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። ጠዋት ስደውል የሰማሁት ድምፅ የእሷ አልነበረም፤ የሻከረ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ። አክታዋ ጥቁር ነበር።

የጭስ ጉዳት ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ቆዳን አይቶ ይሄ ሰው ተረፈ፣ ያኛው አልተረፈም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1942 አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ኮኮናት ግሮቭ የሚባል የምሽት ክበብ ተቃጥሎ 492 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቆዳቸው ላይ ያን ያህል ቃጠሎ አልነበረባቸውም። ሐኪሞች ስለተቃጠለ የመተንፈሻ አካል በደንብ መማር የጀመሩት ከእነዚያ ሰዎች ነው። ትኩሳቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከጉሮሮ አይዘልም፤ አፍንጫና ጉሮሮ አየሩን ቶሎ ያቀዘቅዙታል። ግን ጉሮሮው ያብጥና በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል፤ ድምፅ መሻከር ትልቅ ምልክት የሚሆነው ለዚህ ነው። ወደ ታች የሚወርደው ጥላሸትና በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ነው። የአየር ቧንቧዎቹን ውስጠኛ ሽፋን ይልጠዋል፣ ቆሻሻ ጠርገው ወደ ላይ የሚያወጡትን ጥቃቅን ፀጉሮች ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክሲጅን መቀመጥ ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ የመያዝ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ሁለቱን ስለማይለይ ቁጥሩ ጥሩ መስሎ ይታያል። ይሄን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። እኔም ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ የሚተኛ ሰው ባየሁ ቁጥር ሰባኪ እሆናለሁ።

ከአሰላ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። በአዲስ አበባ በቃጠሎ ሕክምና ስማቸው የሚነሳው የካቲት 12 ሆስፒታልና «አቤት» ነው። አቤት በእንግሊዝኛ «የአዲስ አበባ የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል» ከሚለው የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ስም ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ አመሰግነው ነበር፤ ሰው እዚያ በር ላይ ሲደርስ አፉ ላይ ያለው ቃል እሱው ነውና። እማዬ የት እንደተኛች አልጽፍም። 19 ቀን ተኛች፣ ከእነዚያ ውስጥ ስድስቱን ማሽን ነው የተነፈሰላት። ሕይወቷን አተረፉልኝ፤ ከዚህ ቀጥሎ የምለው ያንን አይሽርም።

ስትወጣ የሰጡን ወረቀት ላይ የመድኃኒት ዝርዝር ነበረ፣ የቀጠሮ ቀን ነበረ፣ ከሥር «ዕረፍት» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ምን ያህል ዕረፍት፣ እስከ መቼ፣ ከዚያስ ምን፣ አይልም። እኛ ሀገር ደግሞ ዕረፍት የምትል ቃል ለዘመድ ከሰጠህ አለቀልህ። አክስቶቼ ተፈራርቀው አስተኟት። ብድግ ስትል «አረ ተኚ!»፣ ውኃ ልትቀዳ ስትል «እኛ ሞተናል ወይ?»። ብርድ መታት ተብሎ መስኮት ተዘጋ። ፌጦ መጣ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር መጣ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ ልትታጠን ተዘጋጀ፤ የእንፋሎቱን ድስት በጊዜ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አልፈርድባቸውም፣ ፍቅር ነው። ግን ሁለት ወር ሙሉ በፍቅር ተኝታ በሚያዝያ ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን ሃያ እርምጃ ሁለት ጊዜ ቆማ እያረፈች ነበር የምትሄደው። ከሆስፒታል ስትወጣ አንዴም ሳታርፍ ትደርስ ነበር።

እኔ ሳንባዋ እየባሰበት መስሎኝ ነበር። ከዘመድ ዘመድ ያገኘናት ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ የያዘችው ግን ደረቷን ሳይሆን ጭኗን ነው። በሁለት እጇ ጨበጥ አደረገችና «እዚህ ጋ የነበረው ሥጋ የት ሄደ?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ከባድ ጉዳት ላይ ያለ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል፤ በቃጠሎ ይሄ ነገር ከሌላው ሕመም የበረታ ነው፣ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ለብዙ ወራት ይቀጥላል። አልጋው ደግሞ የቀረውን ይወስዳል። የደከመ ጡንቻ ለዚያው ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል። ሳንባው የሌለውን አየር ሲጠየቅ ሰውየው ያለከልካል፤ ሲያለከልክ ይፈራል፤ ሲፈራ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ይደክማል። የእማዬ ሁለት ወር ይሄው ነበር።

«እንግዲህ ልንገርህ» አለችኝ ወደ ውጭ ወስዳ። «ጠባሳው አይጠፋም። ስፖርት አዲስ ሳንባ አያበቅልም። እግሯ በትንሽ አየር ብዙ እንዲሠራ ማድረግ ግን እንችላለን።» አሜሪካ ቴክሳስ ጋልቨስተን ውስጥ ክፉኛ የተቃጠሉ ልጆችን ለ12 ሳምንት ክብደት በማስነሳትና በማስሮጥ እንዳሠሯቸውና የአተነፋፈስ አቅማቸው ካልሠሩት በተሻለ እንዳደገ በኋላ አነበብኩ። እነዚያ ግን ልጆች ናቸው፤ ሳንባቸውም ገና በማደግ ላይ ነው። እማዬ 54 ዓመቷ ነው።

ያሳየችን ነገር ብዙ ዕቃ የሚጠይቅ አልነበረም። ከንፈርን ሰብስቦ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ለመሳብ ሁለት ከቆጠርክ ለማስወጣት አራት። ጥቅሙ የተጎዱት ትናንሽ ቧንቧዎች አየሩ ሳይወጣ ቶሎ እንዳይጨፈለቁ ከኋላ ግፊት መስጠቱ ነው። ሁለተኛው ሃይላንድ ነው፤ መቼም ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ሁሉ የማንም ፋብሪካ ይሁን ስሙ ሃይላንድ አይደል? ውስጡ አንድ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ትጨምርና ንጹሕ ቱቦ አስገብታ ትነፋለች፣ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ መንቀጥቀጡ አክታውን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ከዚያ አፍ ከፍቶ መስተዋት ላይ ጉም እንደሚያወጣ ሰው «ሃ» ብሎ ማስወጣት። ከበርጩማ በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ መጀመሪያ አምስት ጊዜ። እና መራመድ። ዋናው መራመድ ነበር።

እማዬ ሃይላንዱን ወደደችው። ጠዋት ጠዋት ከመኝታ ቤቷ የቡልቅታ ድምፅ ሲመጣ ጋያ የሚያጨሱ ሽማግሌ እንግድነት የመጡ ይመስል ነበር። መራመዱን ግን እምቢ አለች። «ስፖርት? በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል?» ሜዳው ላይ የሀገሩ ልጅ ሁሉ ይሮጣል፣ ቱሪስት ሳይቀር መጥቶ ይሮጣል፤ የእሷ ዕድሜ ሴት ግን ሸክም ሳይኖራት፣ ገበያ ወይ ለቅሶ ሳትሄድ ዝም ብላ ወዲያና ወዲህ ብትል «ምን ነካት?» ነው የምትባለው። አስረዳኋት፣ ለመንኳት፣ አንድ ቀን ጮህኩባት። ምንም።

ማታ ማታ ስልኬ ላይ የተቃጠሉ ሯጮችን እፈልግ ነበር። ግሌን ከኒንግሃም የሚባል የካንሳስ ልጅ አገኘሁ። ልጅ እያለ የትምህርት ቤታቸው ምድጃ ላምባ መስሏቸው ቤንዚን ተጨምሮበት ፈነዳ፤ ወንድሙ ሞተ፣ የእሱም እግሮች ሊቆረጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን ላይ በ1,500 ሜትር የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ጠዋት ቡና እየጠጣች ነገርኳት፤ በጣም ተመስጬ ነው የነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «እናቱ ምን ሆነች?» አለችኝ። አላውቅም ነበር።

በዚያች ስልክ ነገር ላይ አንድ የምናዘዘው አለኝ። ለእማዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ እገዛለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ቃል ገብቼ ነበር። ለፋሲካ፣ ቀጥሎ ለእንቁጣጣሽ፣ ቀጥሎ ለገና። በገናው ሰሞን ያጠራቀምኩት ብር ስልኩን ገዛ፤ እሳቱ በጥር ተነሳ። ምጣዱን የገዛሁት ከሆስፒታል ስትወጣ ነው። ስላልገዛሁት አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። መጀመሪያ የሰካነው ዕለት አጠገቡ ቆማ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ «ቀስ ብሎ ነው የሚግለው» አለች። ስለ ምጣዱ ብቻ የተናገረች አልመሰለኝም፤ ግን ስለ ምጣዱም ሊሆን ይችላል።

ሥራዬን ለቅቄ መጣሁ ብል ጀግንነት ያስመስላል። ኮንትራቴ አልቆ ነበር። ስለዚህ ጋጋሪው እኔ ሆንኩ። እሷ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ በሦስት ሦስት ቃል ታዘኛለች፤ «ሊጡ ወፈረ።» «ዙር፣ ዙር።» «አይ ልጄ።» መብራት የሚጠፋ ቀን እንጀራ ከጎረቤት ነው። ጭስ ያለበት ቦታ መግባት ክልክል ነው ሲባል መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሕይወቷ በሙሉ ጭስ ውስጥ እንደሆነ አየሁ፤ ቡናው ሲቆላ ጭስ ነው፣ ዕጣኑ ጭስ ነው፣ ለቅሶ ቤት የሚጣደው ድስት ጭስ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ማዕጠንቱ ሲወጣ ጭስ ነው። ከሁሉም ቦታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው የተባለችው። ቅዳሴውን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ማስቀደስ ጀመረች። ቡናውን ግን አልተወችም፤ እሷ ወደ ጭሱ መሄድ ስላልቻለች ጎረቤቶቿን ከነጀበናቸው ደጅ አወጣቻቸው። አሁን የእኛ ሰፈር ቡና የሚጠጣው ውጭ ነው፣ በብርድ፣ ጋቢ ተደርቦ። ዕጣን ወዳዶቹ ያጉረመርማሉ።

የመራመዱን ነገር የፈታችው ቦራ ናት። አንድ ጠዋት በግንቦት ጥጃዋን ሜዳ የሚያወጣ ልጅ ሳይመጣ ቀረ። እማዬ ገመዱን ይዛ ስትወጣ አየሁና ምንም ሳልናገር ከኋላ ተከተልኳት። ጥጃዋ ትጎትታታለች፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሣር ታገኝና ትቆማለች፤ እማዬም ትቆማለች፣ ከንፈሯን ሰብስባ እፍ ትላለች፤ ጥጃዋ ስትጠግብ ደግሞ ይነሳሉ። ለፊዚዮቴራፒስቷ ደውዬ ስነግራት ሳቀች። «እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ኢንተርቫል ነው» አለች። ሳንባው የተጎዳ ሰው ያለማቋረጥ መራመድ ሲያቅተው እንዲህ እየከፋፈሉ ነው የሚያሠሩት። ከጎናችን የሚያልፉት ልጆችም የሚሠሩት ኢንተርቫል ነበር። ልዩነቱ እነሱን የሚያቆማቸው ፊሽካ ነው።

ፍጥነቱ ልክ መሆኑን የምናውቀው በወሬ ነበር። እየተራመደች ማውራት ከቻለች ደህና ነው፤ መዝፈን ከቻለች ግን ቀርፋፋ ነው፤ ማውራትም ካቃታት ወይ ደረቷን ከወጋት ማቆም ነው። እማዬ ስትሄድ ቦራን ትሰድባታለች። «አንቺ ሆዳም» ብላ ከጨረሰች ልክ ነን። በሰኔ መጀመሪያ «አንቺ ሆዳም፣ የእናትሽ ልጅ፣ አንቺን ብዬ ነው እኔ እንዲህ የሆንኩት» የሚለውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ አለችው። ቆጠርኩት፤ አሥር ቃል ነው።

ከዚያ ክረምቱ መጣና አበላሸው። ሐምሌ የእኛ ሀገር ጭቃና ጉም ነው። ደረቷን አመማት፣ ትኩሳት ያዛት፣ ሦስት ሳምንት ተኛች። እነዚያ ጠራጊ ፀጉሮች የተጎዱበት ሳንባ ለእንዲህ ዓይነት ነገር በሩ ክፍት ነው። አክስቶቼ «አላልንም? ብርድ ነው» አሉ። ግማሹ እውነት ነበር፤ ቀዝቃዛ አየር የተጎዳውን ቧንቧ ያጠበዋል። ከዚያ ወዲህ ስትወጣ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍናለች፣ አየሩ ሞቅ ብሎ እንዲገባ። እናቶቻችን ድሮም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ እኔ ለይሉኝታ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ መለኪያ ነበረን፣ የስድስት ደቂቃ እርምጃ። 30 ሜትር ትለካለህ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ምልክት ታኖራለህ፣ ሰውየው በስድስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ፍጥነት የቻለውን ያህል ይመላለሳል። እኛ ሁለት ድንጋይ ነው ያስቀመጥነው። ሰዓቱን የሚይዘው የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ የሚሮጥ፣ 16 ዓመቱ፣ ከእሱ በቀር ቆጣሪ ሰዓት ያለው ሰው ሰፈራችን የለም። በሚያዝያ 190 ሜትር። በሰኔ 270። ከሕመሙ በኋላ በነሐሴ 225። ልጁ ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱ ወደቀ። «አይዞሽ እትዬ፣ እኛም ከጉዳት ስንመለስ እንዲህ ነው» አላት። ከእኔ ሦስት ወር ስብከት ይልቅ ይቺ ሳትሠራ አልቀረችም፤ በማግስቱ ገመዱን ይዛ የወጣችው እኔ ሳልነቃ ነው።

በመስከረም አሰላ ወስጄ የትንፋሽ መለኪያው ላይ አስነፋኋት። ቁጥሩ ከሚያዝያው ብዙም የራቀ አልነበረም። ሳንባዋ ያው ነው። ያን ቀን ግን ከመነኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ ታክሲ አልያዝንም። «ምን ሊያደርግልን?» አለች።

አራተኛውን ልኬት ያደረግነው በጥቅምት ነው፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲደርስ። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር፣ ካካ ተራራ እስከ ጫፉ ይታያል። ቦራን ዳር ላይ አሰርናት፤ አሁን ጥጃ አይደለችም፣ ትከሻ አውጥታለች። ልጁ «ጀምሪ» አለ። እማዬ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። አምስተኛው ደቂቃ ላይ 280 አልፋ ነበር፣ ነጠላዋ ከአፏ ወርዶ። እኔ በልቤ 330፣ ምናልባት 340 እያልኩ ነው። ያን ጊዜ ገመዱ ተፈታና ቦራ በቀጥታ የሰው ገብስ ውስጥ ገባች።

እማዬ ድንጋዩ ጋ ደርሳ መዞር ነበረባት። አልዞረችም። ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። ሃያ እርምጃ ይሆናል፣ ሃያ አምስት፤ እንደ እናት ነው የሮጠችው፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ እየተሳደበች። ገመዱን ያዘችና ቆመች። ወገቧን አጥፋ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ እዚያ ሜዳ ላይ ሯጮቹ ሁሉ ሲጨርሱ የሚያደርጉት ነው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰውም የሚያደርገው እሱኑ ነው። ደርሼ አጠገቧ ቆምኩ። ከንፈሯን ሰበሰበች። እፍ። መቁጠር ጀመርኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀና ሳትል አንድ እጇን አንስታ ተው አለችኝ። ልጁ ከወዲያ ማዶ ሰዓቱን ይዞ «ጋሼ፣ ይሄ ይቆጠራል?» እያለ ይጮሃል።